ጋደም ይበሉ፣ አባ

አለቃ መርስዔ ኃዘን እንደሚሉት ከሆነ፣ ጥር ፲፪ ቀን የሳር አምባ ሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ቄስ አትናቴዎስ ገና ከድንኳኑ ሲወጣ እግሩ እየተወላገደ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠርተውት አልሰማም። በሦስተኛው ሲመልስላቸው ምላሱ ተሳስሯል። ከዚያ ትልቁ የጥድ ዛፍ ሥር ሲደረስ ለወረብ ቆሙ። አትናቴዎስ ታቦቱን በራሱ እንደ ተሸከመ ወደ ግራ ዘመመ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ወደቀ። «ሰካራም ሲወድቅ አላየሁም እንዳልል በየሠርጉ ቤት ሳሳርግ ያረጀሁ ሰው ነኝ» ይላሉ አለቃ። «ጠጥቶ ነው። ሌላ የለውም።»

ታቦቱን መሬት ሳይነካ ከአየር ላይ የቀለቡት ቄስ ገብረ አማኑኤል ደግሞ ሌላ ይናገራሉ። ከሌሊት ጀምሮ ከአትናቴዎስ ጋር አብረው ቀድሰዋል፤ ጠብታ ሲቀምስ አላዩም። ወረቡ እየረዘመ ሲሄድ ፊቱ እንደ ጧፍ ነጣ። «አባ፣ ዐይኔ ጨለመብኝ፤ ማጅራቴን ያዘኝ» አላቸው። ክንዱን ሊይዙት እጃቸውን ሲዘረጉ ወደቀ። መሬት ላይ በጀርባው እንደ ተዘረጋ ግን ወዲያው ዐይኑን ገለጠና «ታቦቱስ?» ብሎ ጠየቀ። «የትኛው ሰካራም ነው እንዲህ ቶሎ የሚነቃ?» ይላሉ ቄስ ገብረ አማኑኤል።

ሁለቱም ከወደቀው ሰው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም በውሸት አይታወቁም። አገሩ ግን የአለቃን ቃል ያዘ። የስካር ወሬ ጨው አለው፤ የሕመም ወሬ አልጫ ነው።

የአትናቴዎስ ሚስት ብርነሽ ወሬውን የሰማችው ወፍጮ ቤት ነው። ገብሷን ተሸክማ ተራ ስትጠብቅ፣ ከፊቷ የነበረችው አዛለች ዞር እንኳ ሳትል «የቄስ ሚስት ጠላዋን ቀጠን ብታደርገው ምን አለበት?» አለች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

«ያንቺ ባል ቢወድቅ እኮ ማንም አያውቅበትም» አለች ብርነሽ። «መቼ ቆሞ ያውቅና!»

አሁን ነጠላውም ሳቁን አልሸፈነው። አዛለችም ሳትወድ ሳቀች። ብርነሽ ግን አልሳቀችም፤ ስልቻዋን አንሥታ ሳታስፈጭ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ነው የሄደችው።

እሷ የምታውቀው ነገር ነበራ። ነገሩ የጀመረው በጥምቀት አይደለም። ኅዳር ላይ ገብስ ሲወቃ የሌላው ሰው ሸሚዝ ከጀርባው ሲጣበቅ የአትናቴዎስ ደርቆ ይውል ነበር፤ ላብ የሚባል ጠፍቷል። ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ ምሰሶውን ሳይዝ አንድ እርምጃ አይራመድም። ሆዱ ይደርቃል፤ ሽንቱም አልመጣ ይለዋል። ይህን የመጨረሻውን የነገራት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ያኔ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው «ዕድሜ ነው» አላት፤ ገና አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ አትናቴዎስ ከመቅደስ እንዳይገባ፣ ፍርዱም ከሕማማት በፊት እንዲሰጥ ወሰነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት የዞረ፣ ከቅዳሴ ሌላ የማያውቅ ሰው፣ በራሱ ደብር ከደጀ ሰላሙ ውጭ ከሴቶች በስተኋላ ቆሞ ሲያስቀድስ ብርነሽ አየችው። እዚያም ሳለ ግንቡን ተደግፎ ነበር። አለቃ መደገፉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጉባኤው ሳያጣራ በፊት ሐኪም ያጣራዋል» አለች ብርነሽ። ባሏን ይዛ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ወረደች።

ክሊኒኩ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አግዳሚው ሞልቷል። ብርነሽ በሩ ላይ ቆማ ተቆጣች። «ቄስ ቆሞ እናንተ ተቀምጣችሁ? ኧረ ሰው ጠፋ!» ወዲያው ግማሹ አግዳሚ ተነሣ፤ መስቀል ለመሳለም ተጋፉ። ነርሷም ስትሰማ ወጥታ ከሁሉ በፊት አስገባቻቸው። «አባ፣ ጋደም ይበሉ። ደክሞዎታል፤ ከዚህ አልጋ ላይ ጋደም ይበሉ» አለች። ጋደም አለ። ሲያርፍ ቆየና የደም ግፊቱ ተለካ።

«ግፊት ነው» አለ ሐኪሙ። «በጣም ከፍ ብሏል።»

«ታዲያ የሚወድቀው ለምንድን ነው?»

«ግፊት ያዞራል፣ እናቴ።»

ክኒን ተሰጣቸው። ብርነሽ ሰዓቱን ሳታዛንፍ ታስውጠው ጀመር። እሱ ግን ባሰበት። ድሮ በሳምንት አንዴ የሚያዞረው አሁን በየቀኑ ይጥለው ጀመር። አንድ ቀን ከጋጣው በር ላይ ወድቆ ግንባሩን ድንጋይ ፈነከተው። ደሙን አጥባ፣ በሻሽ ጠቅልላ መልሳ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችው። አሁንም አግዳሚው ተለቀቀ፤ አሁንም አልጋ ላይ ተጋደመ፤ አሁንም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቱን ጨመሩለት።

«ወደቀ ስላቸው ጨመሩለት» ትል ነበር ብርነሽ ላገኘችው ሁሉ። «ሞተ ብላቸው ምን ሊያደርጉ ነው? እጥፍ ሊያደርጉት!»

ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ሰነበተ። የተከፈተ ዕለት በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ገቡ። እዚያ የልብ ምርመራ ተደረገለት፤ ተኝቶ። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ተኝቶ። ደሙ ተቀዳ፤ ስኳር የለበትም። ሁሉም ንጹሕ ነው ተባለ። «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ብርነሽ ጠላችው። ንጹሕ ከሆነ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ የማን ነው?

ወጣቱ ሐኪም ውጤቶቹን ደጋግሞ አገላበጠ። «ሐሳብ አለባቸው? ጭንቀት?»

«ሰካራም ተብሎ ከመቅደስ የተባረረ ቄስ ሐሳብ ይጣው?»

«ሰካራም? ይቅርታ፣ አልኮል ይጠጣሉ እንዴ?»

ብርነሽ ብድግ አለች። አትናቴዎስ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። «ተይ ብርነሽ፣ መጠየቅ ሥራው ነው።»

«የሱ ሥራ መጠየቅ ነው። የኔ ሥራ ደግሞ መናደድ ነው። ሁላችንም ሥራ ላይ ነን!»

ወጣቱ ሐኪም አልተቀየማትም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ አላወቅሁትም» አለ። «ጭንቀት ነው ብዬ ክኒን ልጽፍ እችል ነበር፤ ግን አላወቅሁትም። አዲስ አበባ የነርቭ ስፔሻሊስት ዘንድ ሪፈር ልጻፍላችሁ።» ከጥምቀት ወዲህ ከሰማችው ቃል ሁሉ ይህ የተሻለው እንደ ሆነ ልቧ ያውቀዋል። ቢሆንም አላመሰገነችውም። ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች።

አዲስ አበባ የነበረው ወረፋ ከሁሉም የከፋ ነበር። እዚያም ብርነሽ ወንበር አስለቀቀች፤ አንዲት እርጉዝ ሴት ሳትቀር ለቄሱ ልትነሣ ስትል «አንቺ ተቀመጪ፣ ያኛው ጎረምሳ ይነሣ» ብላ መደበች። ስማቸው ሲጠራ ገቡ። የነርቭ ሐኪሟ ዶክተር ወሰንየለሽ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የመጡበትን ወረቀት ገልበጥ አድርጋ አየችና ወደ ጎን አደረገችው።

«የሚወድቁት መቼ ነው?»

«አልፎ አልፎ» አለ አትናቴዎስ።

«ምን አልፎ አልፎ ትላለህ! ከመኝታው ሲነሣ፣ ዶክተር። ቅዳሴ ሲረዝም። ምግብ በልቶ ሲወጣ። ታቦት ተሸክሞ ለወረብ ሲቆም። ጋጣ በር ላይ።»

«ተኝተው ሳሉ እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?»

«ተኝቶማ ምን ይወድቃል!»

«ተቀምጠውስ?»

ብርነሽ የወደቀባቸውን ቀኖች በጣቷ ቆጠረች። አሰበች። ተቀምጦ ወድቆ አያውቅም።

«ላቡስ እንዴት ነው? ሽንት፣ ሆድ?»

ብርነሽ ባሏን አየችው። ወራት ሙሉ ስታወራ ማንም ያልጻፈውን ነገር ይህች ሴት ራሷ ጠየቀች። አትናቴዎስ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገራት። ዶክተሯ ጻፈች።

«ግፊታቸውን ቆመው ተለክተው ያውቃሉ?»

«ቆመው?» አሉ ባልና ሚስት ባንድ ድምፅ።

አልጋው ላይ አስተኝታ አሳረፈችውና ለካች፤ የላይኛው መቶ ሰባ ሆነ። የመለኪያውን ጨርቅ ከክንዱ ሳትፈታ፣ «አሁን ይነሡ፣ አባ። ይቁሙ። ምንም ነገር አይደገፉ» አለችው።

ብርነሽ ከወንበሯ ተነሣች። «ቄስ ያቆማሉ እንዴ? ግንባሩን አያዩትም? ወንበር ስጧቸው እንጂ!»

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ ወንበር ከሰጠኋቸው በሽታው ይደበቅብኛል። ከጎናቸው ይቁሙና ይዘጋጁ።»

አትናቴዎስ በክፍሉ መካከል እጁን አጣምሮ ቆመ። መለኪያው ተነፋ፤ መቶ አሥር። ትንሽ ቆይቶ ደገመችው፤ ዘጠና። ፊቱ መንጣት ጀመረ። «ማጅራቴን...» አለ። «ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ዶክተሯ ትርታውን ይዛ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ለካች፤ ሰባ ስምንት። ጉልበቱ ሲታጠፍ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው አጋደሙት። እንደ ተጋደመ ቀለሙ ተመለሰ።

«ይኸው ነው» አለች ዶክተር ወሰንየለሽ። «ሰው ሲነሣ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። ሳናዝዘው የሚሠራ ነርቭ አለ፤ ሥሩን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ የሚመልስ እሱ ነው። ላቡንም፣ ሆዱንም፣ ፊኛውንም የሚያዘው ያው ነው። የእርስዎ፣ አባ፣ ሥራውን እየለቀቀ ይመስለኛል። ግፊትዎ ይህን ያህል ሲወርድ ልብዎ እንኳ ፈጥኖ ሊረዳዎት አልሞከረም።»

«ታዲያ ከፍ አለ እያሉ ክኒን ያስዋጡት?»

«ተኝተው ሲለኩ እውነትም ከፍ ይላል፤ ይህ በሽታ እንዲህ ያደርጋል። የግፊቱ ክኒን ደግሞ ቆመው ሲሆኑ ይብስ ይጥላቸዋል። ሐኪሞቹ ያዩትን ነው ያከሙት።»

«ያዩትን!» ብርነሽ ጮኸች። «አለቃም ያዩትን ነው የተናገሩት! ሁሉም ያየውን እያወራ ባሌን ሊገድሉት ነው! ቆሞ ይወድቃል እያልኩ አቁሞ የሚለካው አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ከዚያ ሁሉ...»

ንግግሯ መካከል ላይ ቆመ። የመሐል ሜዳው አግዳሚ ትዝ አላት። ውጭ ያለው ጎረምሳ ትዝ አላት፤ አሁንም ቆሟል። በየደረሱበት ቦታ አስለቅቃ፣ በየደረሱበት አስቀምጣ፣ ጋደም በል ሲሉት ጫማውን ያወለቀችለት እሷ ናት። አገሩ ሁሉ ቄስ ማስቆም ነውር ነው ብሎ ሲያከብረው፣ አክብሮቱ በሽታውን አልጋ ላይ ሸሽጎት ኖሯል። ቁጣዋ የሚያርፍበት ሰው አጣ። ይህም ይብስ አናደዳት።

ዶክተሯ ሥራዋን ቀጠለች። የግፊቱን ክኒን አስቆመች። ውኃ ይጠጣ፤ ጨው ይጨምር፤ ሲነሣ መጀመሪያ ይቀመጥ፤ ለረጅም ጊዜ አይቁም፤ በራስጌው በኩል አልጋው ከፍ ይበል። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም። የደም ፕሮቲን ይታያል፤ የነርቭ ምርመራ ይደረጋል፤ ሰውን አስሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚያቆም አልጋ ደግሞ ሌላ ቦታ ስላለ እዚያ ቀጠሮ ይያዝላቸዋል። «ሰኞ ሳምንት ተመለሱ» አለች። «ከምክንያቶቹ አንዳንዶቹ ልብንና ኩላሊትን ቀስ ብለው የሚበሉ ናቸው። ቶሎ ከተደረሰባቸው መላ አላቸው። ቀጠሮውን እንዳታሳልፉ።»

«ጾሙስ?» አለ አትናቴዎስ።

«ውኃ ሳይጠጡ መዋል አይችሉም።»

«በሕማማት?»

«እሱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱ፣ አባ። እኔ የማውቀው ደምዎን ነው።»

ባልና ሚስት በሚኒባስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጣርማ በር ሲደርሱ አትናቴዎስ «ሰኞ ሳምንት እኮ ሕማማት የሚገባበት ነው» አለ። ብርነሽ «አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ጉባኤው የተቀመጠው በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው፤ በደጀ ሰላሙ። ብርነሽ በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ግቢ አላላትም፤ ሂጂም አላላትም። አለቃ መርስዔ ኃዘን የሐኪሟን ወረቀት አስነበቡ፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ጠላቱ አልነበሩም። ዲያቆን ሳለ ውዳሴ ማርያምን ያስጠኑት እሳቸው ናቸው።

«ደግ ነው» አሉ። «አልጠጣም እንበል፤ ታሟል እንበል። አሁን አስቡት። ስካር በንስሐ ይነጻል። ቆሞ የማይጸና ቄስ ግን ጽዋ እንዴት ይጨብጣል? ታቦቱን የሚካኤል ኃይል አተረፈልን። ሥጋ ወደሙ ይዞ ቢወድቅስ? ማን ዋስ ይሆነናል?»

ቄስ ገብረ አማኑኤል እንኳ «ይህስ እውነት ነው» አሉ።

አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለዚህ ልጄ፣ የማስበው ላንተው ነው። ጠጥቼ ነበር በል። እዚሁ በል፤ ከዚህ ግንብ አይወጣም። ከሰኞ ጀምሮ በሕማማቱ ከሰው እጥፍ ስገድ። በትንሣኤ ሌሊት ልብስህን ለብሰህ ትቀድሳለህ። ወረቀቱን ቅደደው፤ ማንም ስለ በሽታ ሳይሰማ ነገሩ ያልቃል።»

ብርነሽ ተነሥታ ገባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጉባኤ ላይ ነን» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ጉባኤ ከሆነ እውነት ይነገርበታ! አለቃ፣ ለእርስዎ ክብር አለኝ። ግን ምን እያሉ ነው? ሲታመም ሰካራም ነህ አላችሁት። ሰካራም አለመሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ሰክሬ ነበር በል፣ እንታረቅ! ጎንበስ ቀና እያለ እጥፍ ይስገድ? ውኃ ሳይቀምስ? ሁለተኛ ቀኑን ሳያይ እዚሁ ጓሮ ትቀብሩታላችሁ፤ ያኔ ደግሞ ‹ንስሐው ሠመረለት› ትላላችሁ!»

«ልጄ፣ እኔ ክህነቱን ላድንለት ነው» አሉ አለቃ፤ እውነታቸውን ነበር።

«እኔ ደግሞ እሱን!»

ሁሉም ወደ አትናቴዎስ ዞሩ። ዐይኑ በተከፈተው በር በኩል ወደ መቅደሱ ጉልላት ነበር። ብርነሽ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች። ቁጣዋ ድንገት ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ባሏ እሺ ሊል ነው። ለትንሣኤ ቅዳሴ ሲል ያላደረገውን አድርጌአለሁ ሊል፣ ሊሰግድ፣ ሊወድቅ ነው። ሰው ፊት ሁሌም «ቄሱ» የምትለውን ሰው በስሙ ጠራችው።

«አትናቴዎስ!»

ቀስ ብሎ ፊቱን ከበሩ መለሰ። መጀመሪያ እሷን አየ፤ ቀጥሎ ቄስ ገብረ አማኑኤልን፤ ከዚያ አለቃን።

«አለቃ፣ ስለ አሰቡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «በጽዋው ነገር እውነትዎን ነው፤ ራሴን እስካምን ድረስ ጽዋም ታቦትም አልይዝም። ትንሣኤን ቄስ ገብረ አማኑኤል ይቀድሱ። ያልጠጣሁትን ግን ጠጣሁ አልልም፤ ወረቀቱንም አልቀድም፤ የታመምኩትን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ሰኞም አልሰግድም። ሰኞ አዲስ አበባ፣ ሐኪሜ ዘንድ ነኝ።»